የእድሩ ድንኳን ሐይቅ ሲሻገር

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ እውነት ነው። የተጨመረች አንዲት ቃል ብትገኝ የአዋሳ ሐይቅ ይድረቅ፤ አሣውም በእግሩ ገበያ ይውጣ። የተቀነሰ ግን አለ። ሰው አያምንም ተብሎ የጉማሬው ቁመት በግማሽ ተቀንሷል፤ የማዕበሉም ከፍታ ልባቸው ለደከመ ሰዎች ሲባል ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ተጠራጣሪ ካለ፣ የጎደለውን ይጠራጠር እንጂ የሞላውን አይንካ።

ነገሩ የሆነው አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ በሚባልበት፣ የአዋሳ አጥር ሁሉ ቀይ ቀለም በሚቀባበት ወቅት ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ግዛቸው ሐይቁ ዳር፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ከአንድ የዕቃ ተራራ ፊት ቆሟል። ተራራ ሲባል ተራራ ነው፤ የታቦር ተራራ ከወዲያ ሆኖ ሲያየው ያፈረ ይመስል ነበር። ከሥር ስምንት ጎረምሳ የማያነሳው የሸራ ድንኳን ተጠቅልሎ ተኝቷል። በላዩ አግዳሚ ወንበር በአግዳሚ ወንበር ላይ ተነባብሯል። ጥጃ የሚዋኝባቸው ጎላ ድስቶች፣ የውሃ በርሜል፣ በጆንያ የታጨቀ ሳህን፣ የማሾ ፋኖስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ አንድ ቃሬዛ ጉብ ብሏል።

ባለጀልባው ሙክታር ጭነቱን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ደገመና ዞረው።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም። ሽርሽር ነው የምንሄደው።»

«በቃሬዛ?»

«ደንብ ነው» አለ ግዛቸው።

የነገሩ ጠንሳሽ መምህር ሽበሺ ነበር። ሽበሺ ለትምህርት ቡልጋሪያ ከርሞ የተመለሰ፣ ሱሪውን በውስጡ ሰው በሌለ ጊዜ እንኳ ቀጥ ብሎ የሚቆም አድርጎ የሚተኩስ ጎረቤት ነው። «እዚያ አገር» አለ አንድ ቀን ግዛቸው ቤት ተቀምጦ፣ «ሰው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ድንኳን ይዞ ይወጣና ጫካ ውስጥ ያድራል።»

«ቤት የለውም?» አለች የግዛቸው ሚስት ታቢታ።

«አለው እንጂ።»

«ታዲያ ማን አባሮት ነው?»

ሽበሺ የንጹሕ አየርን ጥቅም አስረዳ። ዳቦ ጋጋሪው ኩማ ከምድጃው ጢስ የሚያመልጥበትን ቀን ሲናፍቅ የኖረ ሰው ስለሆነ ወዲያው ተስማማ። አራቱ ሐይቁን ተሻግረው በምዕራቡ ዳር አንድ ሌሊት ሊያድሩ ተወሰነ። የቀረው ምን ይዘን እንሂድ የሚለው ብቻ ነበር፤ አዋሳ ከተቆረቆረች ወዲህ እንደዚያ ያለ ክርክር ተደርጎ አያውቅም።

«አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ዳቦና ክብሪት» አለ ሽበሺ። «ጥበቡ መቅለል ነው።»

ግዛቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። መቅለል የሚባል ነገር አይገባውም። «ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሙሉ ሆኖ ይውጣ» አለ። «የጎደለህን ነገር ጫካ ውስጥ ማን ያውስሃል? ጅብ?»

እንደ ዘመኑ ደንብ ነገሩ በስብሰባ ይፈታ ተባለና ኩማ ሰብሳቢ ሆነ። ለእያንዳንዱ ዕቃ እጅ ይወጣል። ኩማ ፍራሹን አስመዘገበ። ሽበሺ ከቡልጋሪያ ያመጣውን፣ ሰው እንደ ጆንያ የሚገባበትን መኝታ አቀረበ። ታቢታ «ምግብ» አለች። የሌላውን ዕቃ የተቃወመ የራሱ ዕቃ እንዳይወድቅበት ስለሚሰጋ ተቃውሞ የለም፤ ድምፀ ተአቅቦም የለም፤ ሁሉም በሙሉ ድምፅ አለፈ። ድንኳን ላይ ሲደርሱ ግን ስብሰባው ተሰናከለ። ሽበሺ ያሰባት ትንሽ ድንኳን በአዋሳ ሱቅ ሁሉ ተፈልጋ አልተገኘችም። በከተማው ሊገኝ የሚችለው አንድ ድንኳን ብቻ ነው። የሦስቱም ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ግዛቸው አንገት ሄደ። የእድሩ መጋዘን ቁልፍ እዚያ ነው የሚንጠለጠለው።

የእድሩ ደንብ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ያወጡት ሰብሳቢው አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። አንደኛ፣ ድንኳኑ ለሐዘን ካልሆነ ከመጋዘን አይወጣም፤ ያወጣ ይባረራል። ከእድር የተባረረ ሰው ደግሞ ሲሞት ወደ መቃብሩ በራሱ እግር መሄድ ነው ያለበት። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ሲወጣ ዕቃው በሙሉ አብሮት ይወጣል፤ ሐዘን ቤት ተደርሶ ማንኪያ ተረሳ ማለት ነውር ነውና። የባሰው ነገር ግን አቶ ወልደጻድቅ ራሳቸው በዚያ ሰሞን አልጋ ይዘው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዛሬ ነገ እያለ በጆሮው የሚጠብቃቸው መሆኑ ነበር።

«አባባ ወልደጻድቅ ቢሞቱስ?» አለች ታቢታ።

ግዛቸው አሰበ። የመጀመሪያውን ደንብ ከጣሰ ቢያንስ ሁለተኛውን ማክበር አለበት። «እሑድ ማታ እንመለሳለን» አለ። «እስከዚያ አይሞቱም። ሰውየው ደንብ አክባሪ ናቸው።»

እንዲህ ነው ቃሬዛው ሐይቅ ዳር የተገኘው።

ሙክታር ጭነቱን ሲደለድል ጀልባዋ አቃሰተች። ከውሃው በላይ የቀረው ጠርዟ የአንድ እጅ መዳፍ ነበር፤ እሱም የሕፃን። ግዛቸው ከዕቃው ጫፍ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና «ቅዘፍ» አለ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሸኙአቸው።

ሐይቁ እስከ መሃሉ ድረስ እንደ ወለል ተኝቶ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ከምዕራብ ተነሣ። መጀመሪያ የግዛቸውን ባርኔጣ ወሰደ፤ ቀጥሎ ውሃውን መፈንቀል ጀመረ። ሰማዩ ጠቆረ። ማዕበሉ እየተጠማዘዘ መጣና ጀልባዋን አንስቶ ጣላት። ከማዕበሉ ጫፍ ላይ ሲሆኑ ሻሸመኔ ትታይ ነበር፤ ወደ ሥር ሲወርዱ የሐይቁ ወለል ላይ የተኙት አሣዎች ቀና ብለው አዩአቸው። ኩማና ሙክታር ቀዘፉ፤ ሽበሺ በጎላ ድስት ክዳን ውሃ ጨለፈ፤ ታቢታ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች።

«ጭነት እንቀንስ» ብሎ ጮኸ ሙክታር፣ «አለዚያ መስመጣችን ነው።»

«አግዳሚዎቹን እንወርውር» አለ ሽበሺ።

ግዛቸው እጆቹን ዘርግቶ አግዳሚዎቹ ላይ ተደፋባቸው። «የእድር ዕቃ አይነካም።»

«ጋሽ ግዛቸው፣ ልንሞት ነው እኮ።»

«ብንሞትስ በምን ላይ ተቀምጠው ያለቅሱልናል?»

ስለዚህ ለሐይቁ የግል ዕቃ ተገበረለት። የኩማ ፍራሽ ሄደ። የቡልጋሪያው መኝታ በነፋስ ተነፍቶ እንደ ሰው እየተራመደ በማዕበሉ ላይ ሄደ፤ ሽበሺ እስከሚርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። በመጨረሻ ታቢታ የምግቡን ቅርጫት አነሣች። ዳቦው፣ ቆጮው፣ የተጠበሰው ዶሮ።

«ታቢታ፣ ዶሮውን እንኳ» አለ ግዛቸው።

«ዶሮው የእድር ነው?» አለችና ወረወረችው።

ጀልባዋ ቀና አለች። ነፋሱም የፈለገውን ያገኘ ይመስል በረደ።

ከዚያ ደግሞ ጉማሬው መጣ። ወደ ምዕራቡ ዳር ተቃርበው፣ በደንገሉ መሃል ቀጭን መተላለፊያ ይዘው ሲገቡ ውሃው ከፊታቸው አበጠ። ያበጠው ነገር ዓይን አወጣ፤ ጆሮ አወጣ፤ ቀጥሎ አፉን ከፈተ። አፉ ጋራዥ ያህል ነበር። ጥርሱ የታቢታን ቁመት ያህላል፤ ታቢታ ደግሞ አጭር ሴት አይደለችም። ሙክታር መቅዘፊያውን ጥሎ ወደ ኋላ ተንደረደረ፤ ኋላው ግን ውሃ ነው።

ግዛቸው ዘለለ። አንዱን አግዳሚ ከክምሩ ላይ መዥርጦ፣ በቁሙ፣ ከታችኛው መንጋጋ እስከ ላይኛው ላንቃ ድረስ ሰካው። ጉማሬው አፉን ሊዘጋ ሞከረ፤ አልተዘጋም። ወደ ቀኝ ነቀነቀ፤ ወደ ግራ ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኩማ «በል እንሂድ፣ እንለፍ» እያለ በተረፈው መቅዘፊያ ደንገሉን ሲገፋ ግዛቸው ግን ከጉማሬው አፍንጫ ፊት ቆሞ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ኩማ።

«አግዳሚውን» አለ ግዛቸው። አጎንብሶ፣ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ ጉማሬው አፍ ውስጥ አስገብቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ አወጣው። ጉማሬው ከእንግዲህ ከሰው ጋር ምንም ነገር ላለመፈለግ የወሰነ መሰለ፤ ቀስ ብሎ ሰመጠ። አግዳሚው ላይ የጥርስ ምልክት እንኳ አልነበረም።

የምዕራቡ ዳር ሲደርሱ ቀኑ ዘንበል ብሎ ነበር። ግራር፣ ረጅም ሣር፣ ከበላዩ ቀጥ ብሎ የወጣ ኮረብታ። ድንኳኑን ለመትከል ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ አራት ወንዶች ተከሉት። ከቆመ በኋላ ግዛቸው በልማድ አግዳሚዎቹን በረድፍ ደረደረ፤ ድስቶቹን ጣደ፤ በርሜሉን ሞላ። ለአራት መንገደኛና ለአንድ ባለጀልባ የሁለት መቶ ሰው መቀመጫ ተዘጋጀ። የሚበላ ግን አንዲት ፍርፋሪ የለም።

«ንጹሕ አየር» አለ ኩማ ሆዱን እያሻሸ። «በጣም ንጹሕ ነው።»

ሽበሺ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ኮረብታው ላይ አቧራ ተነሣ።

አንድ ሰው ብቅ አለ። ቀጥሎ አሥር። ቀጥሎ ኮረብታው ራሱ የሚወርድ እስኪመስል ሰው ጎረፈ፤ ዱላ የያዘ፣ ጦር የያዘ፣ በራሱ ላይ ጭነት የተሸከመ። ጩኸታቸው ከሐይቁ ላይ እየነጠረ መጣ።

«ሽፍታ ነው» አለ ሽበሺ በቀጭን ድምፅ።

«ይኸ ሁሉ ሽፍታ ካለ መንግሥት እነሱ ናቸው» አለ ሙክታር።

ግዛቸው አልፈራም። ክዳን እንደ ጋሻ አነሣ፤ ጭልፋ ጨበጠ፤ ታቢታን ከኋላው አደረገ። ሕዝቡ ቀረበ፤ ደረሰ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሲሆን መሣሪያውን ሁሉ መሬት ጥሎ፣ ደረቱን እየመታ፣ በአንድ ድምፅ ማልቀስ ጀመረ።

ኩማ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሲዳምኛ አፍ የፈታበት ቋንቋ ነው። ወጥቶ አነጋገራቸውና ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ።

«ለቀስተኞች ናቸው።»

«ማን ሞቶባቸው?»

«ለእኛ ነው የሚያለቅሱት። ከኮረብታው ሆነው ድንኳን ሲተከል አዩ፤ አግዳሚ ሲደረደር አዩ፤ ቃሬዛም አዩ። እንግዳ ሰው አገራችን መጥቶ ሐዘን ደርሶበት እንዴት ብቻውን ያለቅሳል ብለው ሥራቸውን ጥለው መጡ። በራሳቸው የተሸከሙት ምግብ ነው።»

ምግብ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሽበሺ በጸጥታ ማልቀስ ጀመረ። እውነተኛ እንባ ነበር።

አንድ ረጅም ሽማግሌ ገብተው ከግዛቸው አጠገብ ተቀመጡ። እጁን ያዙት። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር። «ማን ነው የተለያችሁ?» ብለው በኩማ አፍ ጠየቁ።

ግዛቸው ድንኳኑን የሞላውን ሰው አየ። ማንም አልሞተም ቢል፣ ያለ ሬሳ የሐዘን ድንኳን ተክሎ በሰው እንባ የቀለደ ሊባል ነው። ልቡ ውስጥ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስ የከረመ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ስሙም ሳያስበው አመለጠው።

«አቶ ወልደጻድቅ» አለ። «የአዋሳ ሰው ናቸው። የእድራችን ሰብሳቢ።»

ታቢታ ወደ እሱ ዞረች።

«አስከሬናቸውስ?»

«ሐይቁ ወሰዳቸው» አለ ግዛቸው። አንድ ውሸት ሲከፈት ሌላው ራሱ ይገባል። ባዶው ቃሬዛ እንደ አዲስ ታየና ልቅሶው ድንኳኑን አንቀጠቀጠው። ሽማግሌው ልቅሶው እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያም ደንቡ ነውና፣ የሟቹን ደግነት ሰምተው እንዲያለቅሱላቸው ጠየቁ፤ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ጉማሬ ያላስደነገጠው ሰው እዚህ ላይ ተያዘ። አቶ ወልደጻድቅ ቢሞቱ ስንት አግዳሚ እንደሚበቃ ያውቃል። ስንት ድስት እንደሚጣድ፣ ለቃሬዛው ስንት ተሸካሚ እንደሚመደብ፣ ድንኳኑ በግቢያቸው ውስጥ በየት በኩል ቢተከል ጎርፍ እንደማይገባበት ያውቃል። ሰውየው ምን እንደሚያስቃቸው ግን አያውቅም። ጎረቤታቸው ሆኖ ሲኖር አልጋ ከያዙ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄደው፤ እሱም ግቢውን ለመለካት።

ታቢታ ናት የተናገረችው። «ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ» አለች፣ «ድንኳኑ ሲነሣ ራሳቸው አግዳሚ ተሸክመው መለሱ። ሐዘንተኛ አይሸከምም ብንላቸው፣ እናንተ ከትናንት ጀምሮ ቆማችኋል አሉን። ልጆቼን በመንገድ ሲያዩ በስማቸው ነው የሚጠሯቸው። ትልቁን ልጄን ታናሹ ነው ብለው አያውቁም፤ አባቱ እንኳ ይሳሳታል።»

ኩማ ቃል በቃል ተረጎመ። ያን ጊዜ ግዛቸው አለቀሰ። ክዳኑን ጥሎ፣ ፊቱን በአንድ እጁ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ፤ ሽማግሌውም እጁን አልለቀቁትም።

ሲመሽ ለቀስተኞቹ ያመጡትን ቆጮ በወተት በሉ። ማንም አልቀለደም።

ጎሕ ሲቀድ ግዛቸው ከድንኳኑ ወጥቶ ሽማግሌውን ሐይቁ ዳር ቆመው አገኛቸው። እጃቸውን ወደ ውሃው ዘርግተው አንድ ነገር አሉት። ኩማ ዓይኑን እያሸ መጥቶ ሰማና ዓይኑን ማሸት ተወ።

«መርዶ ነጋሪ ልከዋል» አለ። «ትናንት ዘመዶቻቸው ያውቃሉ ወይ ሲሉኝ አያውቁም ብያለሁ፤ እውነት ነዋ። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው ብለው ጥሩ ቀዛፊ ሰው ሰደዱ። ያውና።»

ከጉም መሃል አንዲት የደንገል ታንኳ እንደ ዝንብ ጠቁራ ትታያለች።

ለግዛቸው የሚመጣው ሁሉ ከፊቱ ተዘረጋለት። መርዶ ነጋሪው አቶ ወልደጻድቅ ደጅ ይደርሳል፤ አልጋ ላይ ያሉ ሰው የራሳቸውን መርዶ ይሰማሉ። ልባቸው አይችለውም። ያን ጊዜ እውነተኛ ለቅሶ ይሆናል፤ እድርተኛው ወደ መጋዘን ይሮጣል፤ መጋዘኑ ባዶ ነው። መባረሩ አልታየውም ማለት ውሸት ነው። መጀመሪያ የታየው ግን እሱ አልነበረም። የታየው አግዳሚ የተሸከመ ሐዘንተኛ ሽማግሌ ነው።

«ሙክታር፣ ተነሥ» አለ።

«ጭነቱን ለመጫን ግማሽ ቀን ነው ጋሼ።»

«ይቅር።»

«ድንኳኑ ይቅር?» አለ ሽበሺ።

«ሁሉም ይቅር። አግዳሚውም፣ ማንኪያውም።» የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ሽማግሌው መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ኮቱን አውልቆ ጣለ፤ ጫማውን ጣለ። ታቢታ ባሏን በሠርጓ ቀን እንኳ እንደዚያ አላየችውም። እሷም ነጠላዋን አሸርጣ መቅዘፊያ ያዘች።

ባዶዋ ጀልባ በረረች። መቅዘፊያ ውሃ የነካው በየሦስት ምት አንድ ጊዜ ነው፤ የቀረውን በአየር ነው የሄዱት። ይብራዎች ተከተሏቸውና ደክሟቸው ተመለሱ። ያ ጉማሬ ብቅ አለ፤ ግዛቸውን ለየውና መንገድ ለቀቀ። ዝንቧ አደገች፤ ታንኳ ሆነች፤ ታንኳዋ ላይ ሰው ታየ። ሰውየው ኃይለኛ ቀዛፊ ነበር፤ የሚወዳደሩት መስሎት ጭራሽ ባሰበት። ሐይቁ ዳር የደረሱት አንገት ለአንገት ነው። አባ ኮዳዎቹ ተበተኑ። መርዶ ነጋሪው ዘሎ ሮጠ፤ ግዛቸው ጀልባዋ ሳትቆም ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተከተለው።

መሃል ከተማን በባዶ እግሩ አቋረጠ። ቀለም ቀቢዎች ብሩሻቸውን እንደያዙ ዞሩ። አንድ የቀበሌ ጥበቃ «ጓድ፣ የይለፍ ወረቀት» ብሎ ጀመረ፤ ወረቀት የሚለውን ሳይጨርስ ግዛቸው ሁለተኛው መንገድ ላይ ነበር። የአቶ ወልደጻድቅ አጥር ጋ ሲደርስ መርዶ ነጋሪው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ አየር ስቦ፣ አፉን ከፍቷል። ግዛቸው ከኋላው ዘሎ አፉን በመዳፉ ከደነው።

በሩ ተከፈተ። የከፈቱት አቶ ወልደጻድቅ ናቸው፤ በሌሊት ልብሳቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው የአሣ አጥንት ይዘው።

«ግዛቸው» አሉ። «የማንን አፍ ነው የያዝከው?»

ግዛቸው እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣ። ሁሉንም ተናገረ፤ ድንኳኑን፣ ሐይቁን፣ ልቅሶውን፣ በውሸት መግደሉን። አቶ ወልደጻድቅ አጥንቱን እየላሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«አልቅሰውልኛል?»

«ኮረብታው ሙሉ፣ አባባ።»

«አንተስ?»

«እኔም።» ቀና ብሎ አያቸው። «አባባ፣ እርስዎ ግን ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

አቶ ወልደጻድቅ ጥቂት አሰቡ። «ቁርስ በልታችኋል?» አሉ፤ መርዶ ነጋሪውንም ጭምር። ገብተውም አሣውን አብረው በሉ።

ማግስቱን የምዕራቡ ዳር ሰዎች ሐይቁን በየብስ ዞረው መጡ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን፣ ቃሬዛውን በትከሻቸው ተሸክመው ነበር። አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም። ሟቹ በር ላይ ቆመው ሲቀበሏቸው እልልታው እስከ ጎረቤት ከተማዋ ቱላ ተሰማ። ድንኳኑ እዚያው ግቢ ተተከለ፤ ሳይሞት ከለቀስተኞቹ ጋር የበላ ሰው በአዋሳ ከዚያ በፊት አልነበረም። ግዛቸውን ያባረረው አልተገኘም። እሱም ከዚያ ወዲህ እድርተኛ ሲታመም ግቢ ሊለካ ሳይሆን ሊጫወት ይሄዳል፤ ሲሄድም ባዶ እጁን ነው።

ግዛቸው ይህን ታሪክ ሙሉውን የተናገረው በእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ነው። ሲጨርስ ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው እስኪያልቅ አቶ ወልደጻድቅ ከፊት ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ አነባብረው ጠበቁ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ አብሬያችሁ ነበርኩ። የሄድነው ቱላ ነው፤ በሙክታር ጋሪ። ሙክታር ጀልባ ኖሮት አያውቅም። ድንኳኑን ልታወጣ ስትል ይከብዳል፣ ተወው አልኩህና ተውከው። ሁለት ዳቦና አንድ ብርድ ልብስ ይዘን ሄድን፤ ትንሽ ሲነፍስ ታቢታ በረዳት፤ ሳይመሽ ተመለስን።»